በክታብ መጥቶ በአፍ የሄደ ደብዳቤ

የታሰርኩበትን ቤት ከመታሰሬ በፊት አውቀው ነበር። መካነ ሰላም በአስተማሪነት የተመደብኩ ሰሞን የእርዳታ ስንዴ የሚከማችበት የቆርቆሮ መጋዘን ነበር፤ እኔም ከሌሎች መምህራን ጋር በሩ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቼ የተረጂ ስም መዝግቤበታለሁ። ከሦስት ዓመት በኋላ በዚያው በር ገፍትረው ሲያስገቡኝ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ስንዴው ካለቀ ቆይቷል፤ አቧራው ግን ከወለል እስከ ጣሪያ አለ። በየስንጥቁ የቀረችውን ፍሬ ነቀዝ ይበላል፤ ነቀዙም ጠግቦ አንገታችን ላይ ይንሸራሸራል። ጠዋት ቆርቆሮው አጥንት ድረስ ያቀዘቅዛል፣ ቀን ይግላል፣ ከሰዓት በረዶ ሲጥል ደግሞ ሰው ከጎኑ ያለውን አይሰማም። አሥራ አንድ ሰዎች ነበርን።

የተያዝኩበት ምክንያት ዛሬም ሳስበው ያበሽቀኛል። የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት በር ላይ አንድ የተቃውሞ ወረቀት ተለጥፎ ተገኘ። መምህራኑን በሙሉ ሰብስበው ቤት ለቤት ፈተሹን። ሌሎቹ በሦስተኛው ቀን ተለቀቁ። እኔ የቀረሁት ሳጥኔ ውስጥ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ በመገኘቱ ነው።

«ሽፋኑን ለምን ቀደድከው?» አለኝ መርማሪው።

«እኔ እጅ ሲገባም ሽፋን አልነበረውም።»

«ምን ይላል?»

«ፈረንሳይኛ ነው።»

«ምን ይላል ነው ያልኩህ!»

እውነቱን ብነግረው የማሾፍበት ይመስለው ነበር። እውነቱም ይህ ነው፤ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አነበዋለሁ፣ ምን እንደሚል ግን አላውቅም።

መርማሪው አልገባውም፤ አንባቢ እንዲገባው ላስረዳ። ልጅ ሆኜ የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሬ፣ ከዚያም ዳዊት ደግሜአለሁ። ከግዕዙ አንዲት ቃል ሳልተረጉም መዝሙሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንበለብለው ነበር። ማንም ነውር አላለውም፤ እንዲያውም እናቴ ዳዊት የደገምኩ ቀን ጎረቤት ጠርታ ደግሳለች። መጀመሪያ አፍ ይቀናል፤ ትርጓሜ ሌላ ቤት፣ ሌላ ዘመን ነው። በኋላ መምህራን ማሠልጠኛ ስገባ አንድ ፈረንሳዊ መምህር ከመደበኛው ትምህርት ውጭ ፈረንሳይኛ ሊያስተምረን ጀመረ። እሱም እንደ የኔታ «መጀመሪያ አፍ» ባይ ነበር። ግስ ያረባል፤ ቃሉን በየቁራጩ ይከፍለዋል፤ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ በጣቱ ይመታል። ኑ፣ ፓር፣ ሎን፤ ሦስት ምት። ቩ፣ ፓር፣ ሌ፤ ሦስት ምት። የመጀመሪያው መንፈቅ ለአፍ፣ ሁለተኛው ለትርጉም ነው ብሎን ነበር። ሁለተኛው መንፈቅ አልመጣም። የተማሪው አድማ ተነሣ፣ ትምህርት ተዘጋ፣ ሰውየው አገሩ ገባ። እኔ ጋ የቀረው ሽፋን የሌለው መጽሐፉ ነው። ትርጉም ብዬ የማውቀው በጣቱ እየጠቆመ ያሳየንን ብቻ ነበር፤ ዠ ሲል ደረቱን፣ ኢል ሲል አንዱን ተማሪ፣ ኤል ሲል አንዷን።

ቋንቋው ራሱ ያናድዳል። ስድስት ፊደል ጽፈው ሦስቱን ያነባሉ፤ የቀሩት ሦስቱ ለምን እንደመጡ የሚጠይቅ የለም። አንዳንዱ ፊደል ደግሞ በራሱ ቃል ላይ ዝም ብሎ ቆይቶ ጎረቤቱ ቃል ላይ ሄዶ ይናገራል። እኛ ዘንድ የተጻፈ ፊደል ሁሉ ድምፅ አለው። ቢሆንም እልህ ያዘኝና መካነ ሰላም ከገባሁ በኋላም በሬን ዘግቼ ግስ ሳረባ እውል ነበር።

መጋዘኑ ውስጥ መጽሐፉ ባይኖርም ግሱ በቃሌ አለ። ጥግ ይዤ ጉልበቴን በጣቴ እየመታሁ አረባዋለሁ። አጠገቤ የሚተኛው ከወረኢሉ የመጣ ነጋዴ፣ ላምባ ደብቀሃል ተብሎ የታሰረ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነበር።

«መምህራችን ጀመረ» ይላል። «አንተ ሰው፣ ይሄ ድግምት ከሆነ በሩን ክፈትበት። ካልሆነ አቦ ዝም በል!»

ሁሉም ይስቃል። እኔም መሳቅ ነበረብኝ፤ ያን ሰሞን ግን የሰው ሳቅ ያናድደኝ ነበር።

በአራተኛው ሳምንት አንድ አዛውንት ገበሬ አስገቡብን። ከአባይ አፋፍ፣ ከከተማው አንድ ቀን ተኩል በእግር ከሚያስኬድ መንደር የመጡ ሙስሊም ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጉንጫቸው ወደ ውስጥ የገባ ሰው። አንገታቸው ላይ በጥቁር ክር የታሰረ የቆዳ ክታብ አለ። ጥበቃዎቹ ቀበቶና ቢላ ሲወስዱ ክታቡን አልነኩትም፤ ክታብ የሚደፍር ሰው በእኛ አገር ያኔ ገና ብዙ አልነበረም። የተያዙት ከገበሬ ማኅበራቸው የይለፍ ወረቀት ሳያወጡ ወደ ደሴ ሲሄዱ ነው። ለምን እንደሚሄዱ ቢጠየቁ አልተናገሩም። ስላልተናገሩ መልእክተኛ ናቸው ተባለ።

ሁለት ቀን ሙሉ ሰላምታ ከመመለስ በቀር አልተነፈሱም። ከጥበቃዎቹ አንዱ፣ እንደሳቸው በልጅነቱ ቁርአን የቀራ ሰው፣ ለሶላት መታጠቢያ ውሃ በጣሳ ያመጣላቸዋል፤ እሱንም «አላህ ይስጥህ» ብለው ዝም ነው። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ግሴን ሳረባ ድንገት ቀና አሉ።

«ልጄ፣ እስቲ ድገመው።»

«ምኑን አባቴ?»

«አሁን ያልከውን። ያቺ ሐኪም እንዲህ ነበር የምትናገረው። ወላሂ እንዲህ ነበር! ከንፈሯን እንዲህ ሰብሰብ አድርጋ።» የራሳቸውን ከንፈር ሊያፏጭ እንደሚል ሰው አሾሉ።

ደገምኩት። አዛውንቱ እጃቸውን ክታቡ ላይ ጫኑ።

ነገሩን በሹክሹክታ ያወጉኝ ያን ቀን ነው። በረሀቡ ጊዜ ከብቱ ሲያልቅ ሚስታቸውንና የሰባት ዓመት ልጃቸውን ይዘው ወደ ወረኢሉ መንገድ ወጡ፤ እዚያ የእርዳታ ድንኳን ተተክሎ ነበር። ሚስታቸው በደረሱ በማግስቱ ሞተች። እሳቸው ቀብር ላይ ሳሉ ሐኪም የሚሏት የድንኳኑ ፈረንጅ ነርስ ልጅቱን ከሌሎች ከደከሙ ልጆች ጋር መኪና ላይ አስጫነቻት። ከቀብር ሲመለሱ መኪናው ሊነሣ ነው። ነርሷ በመስኮቱ ብቅ ብላ እጃቸውን ያዘች፤ እየደጋገመች፣ እየጮኸች ብዙ ነገር ነገረቻቸው። አስተርጓሚው በአጠገባቸው አልነበረም። መኪናው ሄደ። ከዓመት በኋላ አንድ የእርዳታ ሾፌር ደብዳቤ አመጣላቸው፤ እሱም ከሌላ ሾፌር ተቀብሎት ነው፣ ከየት እንደተነሣ አያውቅም። ከላዩ የሳቸውና የመንደሩ ስም በአማርኛ ተጽፎበታል፤ ከተረጂ ካርዱ ላይ እንደ ሥዕል የተገለበጠ፣ የተንጋደደ ፊደል ነው። የቀረው በሙሉ በሷ ቋንቋ ነው። የፈረንጅ ነገር፣ ቋንቋቸውን አገር ሁሉ የሚያነበው ይመስላቸዋል።

«እዚሁ መካነ ሰላም ለእንግሊዝኛው መምህር ወስጄ አሳየሁት» አሉ። «‹እንግሊዝኛ አይደለም› አለኝ። በቃ፣ ያወቅሁት ይሄን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እንግሊዝኛ አለመሆኑን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እዞራለሁ። አሁን ደሴ የሚያነብ ይገኛል ቢሉኝ ተነሣሁ። ያዙኝ።»

ያ መምህር ከእኔ ክፍል ቀጥሎ የሚያስተምር ጓደኛዬ ነበር። ፈረንሳይኛ እንደማነብ ነግሬው አላውቅም፤ ትርጉሙን ይጠይቀኛል ብዬ አፍሬ። እኚህ ሰው ያንን ወረቀት ይዘው ግድግዳ ለግድግዳ ሲቆሙ እኔ በዚያኛው በኩል ድምር አስተምር ነበር ማለት ነው። ቆርቆሮውን በጡጫ አጮልኩት።

«ምንድነው?» አለ ጥበቃው ከውጭ።

«ነቀዝ ነው» አለ ነጋዴው።

አዛውንቱ የክታቡን ስፌት በጥርሳቸው ፈቱት። ስምንት ቦታ የታጠፈ ስስ ወረቀት ወጣ። በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ ነው፤ ከታች ክብ ወይን ጠጅ ማህተም አለው። ወረቀቱን ዘርግቼ በቀስታ አነበብኩት። አንድም ቦታ አልተደናቀፍኩም። አዛውንቱ ዓይናቸውን ጨፍነው እንባቸው ይወርዳል።

«ራሷ ናት» አሉ። «ራሷ! ምን አለች ልጄ?»

«አላውቅም።»

«አሁን አነበብከው እኮ።»

«አነበብኩት። ትርጉሙን አላውቀውም።»

ነጋዴው ሳቅ ጀመረና መሐል ላይ ተወው። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አዛውንቱ ግን አልገረማቸውም።

«እንደ ቁርአን ነዋ» አሉ። «እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ እቀራለሁ። ትርጉሙ የሸሆቹ ነው። አብሽር።»

ማጽናኛቸው ይበልጥ አቃጠለኝ። ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች ደጋግሜ አየሁት። የማውቀው ‹ደሴ› የሚለውን ቃልና ‹ኤል› የምትለዋን ብቻ ነው። ኤል ማንዥ። ኤል ማርሽ። ግሶቹን አውቃቸዋለሁ፤ አብዛኞቹን በስድስት ሰው አረባቸዋለሁ፤ ምን እንደሚያደርጉ ግን አላውቅም። በገዛ እጄ ቆልፌ ቁልፉን የጣልኩት ሳጥን ፊት የተቀመጥኩ መሰለኝ።

«ደሴ የሚል አለበት። ኤል ደግሞ እሷ ማለት ነው» አልኳቸው። «እሷ አንድ ነገር ታደርጋለች። አራት አምስት ነገር ታደርጋለች።»

«ያ ረቢ!» ፊታቸው በራ። «የሞተ ሰው ምን ያደርጋል? አለች ማለት ነው።»

ከሰዓት በኋላ ነጋዴው ጠጋ ብሎ በጆሮዬ፣

«አለች በላቸው፤ ምን ትጎዳለህ?» አለኝ።

«ባትኖርስ?»

«ባትኖርም ደስ ብሏቸው ይሰነብታሉ። አንተ ሰው፣ ከአፍህ አንዲት ቃል ብታወጣ ምን አለበት?»

ክፋት አልነበረበትም። እኔም ለማለት ጥቂት ነበር የቀረኝ። ያን ቀን ከየሰዉ ቤት የመጣው ስንቅ ሲከፋፈል ምሳ አልበላሁም፤ አዛውንቱ ድርሻዬን ሸፍነው አስቀመጡልኝና አይቼ የባሰ ተናደድኩ። አላውቅም ካልኩ በኋላ ማወቅ የምችልበት መንገድ የለም። ከዚህ በላይ የምሰጣቸው ካለ ድምፁ ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት ውሃ የሚያመጣላቸው ጥበቃ ጣሳውን ሲያቀብል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባባ፣ ዓርብ ወደ ደሴ ይጭኗችኋል፤ መልእክተኛ የተባላችሁትን» አለ። «የደሴዎቹ ፍተሻ እንደኛ አይደለም። ክታብም ይቀድዳሉ።» ይህን ብሎ ሄደ።

የውጭ ቋንቋ፣ ከዚያም ማህተም ያለው። እኔን ሽፋን የሌለው መጽሐፍ እዚህ ካደረሰኝ እሳቸውን ይህ የት እንደሚያደርሳቸው ማሰብ አያስቸግርም። «መጥፋት አለበት» አልኳቸው። አዛውንቱ አውራ ጣታቸውን ማህተሙ ላይ አሳረፉ።

«ማህተሟን እንኳ ቆርጬ ባስቀራት? ይቺን ታህል ናት።»

«ማህተሙ ነው የሚያስገድልዎት! መጀመሪያ መጥፋት ያለበት እሱ ነው።»

«እሺ» አሉ። «እንግዲያው አቅራኝ። ደሴ ደርሼ ትርጉሙን የሚያውቅ ባገኝ አሰማዋለሁ።»

ሥራችን እንዲህ ተጀመረ። እኔ አንድ መስመር እላለሁ፣ እሳቸው ይደግማሉ፤ ለየቁራጩ ጉልበታቸውን በጣቴ እመታለሁ። አራት ቀን ነው ያለን፤ አሥራ ሁለት መስመር ነው። ቃሉን በቁርአን ዜማ ይስቡታል፤ ዜማውን ተዉት ስላቸው ቃሉ ይጠፋባቸዋል። እሺ በዜማ ይሁን አልኩ። ያ የጉሮሮ ‹ር› ደግሞ እኔ ፈረንሳዊው መምህር ተስፋ እስኪቆርጥብኝ ድረስ ያልሆነልኝ፣ ለሳቸው እንደ ውሃ ወረደላቸው፤ ከዓረብኛው አንዱ ፊደል እንደዚያ ነው አሉኝ። ይህም ሳያናድደኝ አልቀረም። ‹ኤል፣ ቩ፣ ዛ፣ ታን› የምትል ሐረግ አለች፤ አራት ምት። ከአንዱ ቃል ጫፍ የቀረው ፊደል ሁለተኛው ላይ ተዛውሮ ነው ‹ዛ› የሚሆነው። እሷን በአንድ ጊዜ ያዟት። ‹ቭ፣ ኔ› አልከበዳቸውም፤ ‹ሞን፣ ትሬ›ም እንዲሁ።

የገደለን የመጨረሻው መስመር ነው። ኑ፣ ላ፣ ጋር፣ ድ፣ ሮን። መሐል ያለችውን ‹ድ› ይውጧታል። ማክሰኞ ዋጧት፤ ረቡዕም ዋጧት። ነጋዴው ከጥጉ «ጋር፣ ድ፣ ሮን!» እያለ ይጮኻል፤ እሱ እንኳ ያዘው። ረቡዕ ከሰዓት በረዶ እየጣለ፣ እየተጯጯህን፣ ለሃያኛ ጊዜ ሲውጧት አበድኩ።

«ሦስት ምት ነው! ጋር፣ ድ፣ ሮን! ስንት ጊዜ ልንገርዎ?»

«ልጄ፣ አትቆጣ» አሉ እየሳቁ። «እሷ አራት አምስት ነገር ታደርጋለች ብለኸኛል እኮ፤ አለች ማለት ነው። አንዲት ፊደል ብትጎድል…»

«መሞትም እኮ ግስ ነው!» አልኳቸው።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ በረዶው ጋብ ብሎ ነበርና ሁሉም ሰማው። ነጋዴው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«እሱን ሁለት ዓመት አውቀዋለሁ ልጄ» አሉ አዛውንቱ። «ቀጥል።»

«አፉ ይበሉኝ አባቴ።»

«አፉ ብያለሁ። አንተ የተቆጣኸው እኔን አይደለም። ቀጥል ግን፣ እንዳይመሽብን።»

ቀጠልን። በዚያን ቀን ፊደሏን እንዳትዋጥ አድርገው አሏት፤ እኔን ደስ ለማሰኘት ይመስለኛል።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ጊዜ ያለ እርማት ተወጡት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያሰብኩት እኔ አይደለሁም። እኔ ወረቀቱን ቀዳደን እንቅበረው ባይ ነበርኩ። እሳቸው ግን ለመታጠቢያ ከመጣላቸው ውሃ ጥቂት በጣሳው አስቀሩና ደብዳቤውን ነከሩት። ቁርአን ቤት ሳሉ፣ ልጅ በእንጨት ሰሌዳው ላይ የተጻፈለትን በቃሉ ሲይዝ ጽሑፉ በውሃ ታጥቦ ይጠጣ ነበር አሉ። የያዙት ነገር ከሆድ እንዳይወጣ። ሰማያዊው ቀለም ቶሎ ለቀቀ። ወይን ጠጁ ማህተም ግን እንቢ አለ፤ በአውራ ጣታቸው ቀስ እያሉ አሹት። ውሃው ጠቆረ። «ቢስሚላህ» ብለው እስከ መጨረሻው ጠጡት። የቀረውን የላቆጠ ወረቀት የግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ጠቀጠቅነው። ክታቡ ባዶ እንዳይሆን ከወለሉ አሥር ያህል የስንዴ ፍሬ ለቅመው ከተቱበትና ነጋዴው በደበቃት መርፌ ሰፋላቸው።

ዓርብ ረፋድ መኪናው መጣ። የደሴው ፈታሽ በሩ ላይ አቁሟቸው ሁለመናቸውን ዳሰሰ። ክታቡን ያዘና በሳንጃ ቀደደው። ስንዴው መሬት ላይ ተበተነ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ስንዴ ነው።»

«ስንዴ አንገት ላይ ምን ይሠራል?»

«ረሀብ አይቻለሁ» አሉ።

የአዛውንቱ ከንፈር ይንቀሳቀስ ነበር። እንዳይጠፋባቸው እየከለሱ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

«ምንድነው የምታነበንበው?» አለ ፈታሹ።

«ዱዓ ነው።»

«ጮክ ብለህ በለው።»

እጃቸውን ዘረጉ። ከመጀመሪያው ቃል ጀምረው፣ በዜማቸው፣ ደብዳቤውን በሙሉ አሉት። እኔ ከኋላ ቆሜ ጭኔን በጣቴ እመታለሁ። ኤል፣ ቩ፣ ዛ፣ ታን፤ አልተሳሳቱም። ውሃ የሚያመጣው ጥበቃ ከፈታሹ አጠገብ ቆሞ ነበር። እሱ ቁርአን የቀራ ሰው ነው፤ ይህ ዓረብኛ አለመሆኑን ከሁላችን በላይ ያውቃል። መጀመሪያ እሳቸውን፣ ከዚያ እኔን አየ። አዛውንቱ መጨረሻው መስመር ላይ ደርሰው እጃቸውን ፊታቸው ላይ አሳለፉ።

«አሚን!» አለ ነጋዴው።

«አሚን» አልን ሁላችን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም። ጥበቃው መሣሪያውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሁለት መዳፉን ዘረጋና እሱም «አሚን» አለ። እኔ ይህን ቃል ስል የሞተች ልጅ መርዶ ላይ አሚን እያልን ይሆን ብዬ ነበር የማስበው።

ሊሳፈሩ ሲሉ ዞር አሉ። «መምህር፣ ትርጉሙን ሳገኝ እልክብሃለሁ ኢንሻአላህ» አሉኝ። መኪናው በወረኢሉ መንገድ ወረደ። እኔ ተጨማሪ ሰባት ወር ቆይቼ ምክንያቱ ሳይነገረኝ ተለቀቅሁ። መጽሐፌን አልመለሱልኝም። ትርጉሙም አልመጣልኝም።

ከዓመታት በኋላ ደሴ ታምሜ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። የመረመረችኝ አሮጊት ፈረንጅ መነኩሲት ናት። ስትጽፍ በቋንቋዋ ታጉረመርም ነበር። ያቺው ነርስ ናት ማለቴ አይደለም፤ ግን ድምፁን አወቅሁት። ሳላስፈቅድ ደብዳቤውን ከመጀመሪያው ጀምሬ አልኩት። ጉልበቴን እየመታሁ፣ ሳላስበው በአዛውንቱ ዜማ። ብዕሯን አስቀመጠች። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ከዚያ በተሰባበረ አማርኛ ነገረችኝ።

ልጅዎ ድናለች። ትበላለች፣ ትራመዳለች፣ ትስቃለች። ትጠብቅዎታለች። ደሴ ወደሚገኘው የልጆች ቤት ይምጡ። ሲመጡ ይህን ደብዳቤ ይያዙ፤ ማህተሙን በሩ ላይ ለዘበኛው ያሳዩት፤ ያለዚያ አያስገባዎትም። እስኪመጡ ድረስ እኛ እናቆያታለን።

«ወረቀቱ የት አለ?» አለችኝ።

አዛውንቱ ማህተሙን በአውራ ጣታቸው ሲያሹት ታየኝ። እሳቸው ሊያስቀሯት ፈልገው ነበር። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። የልጆቹ ቤት ከተዘጋ ብዙ ዘመኑ እንደሆነ፣ ልጆቹ የት እንደገቡ እንደማታውቅ ነገረችኝ። እግረ መንገዷንም ‹ጋርድሮን› ስል መሐል ያለችውን ‹ድ› ለያይቼ ማለቴ እንዳሳቃት፣ እነሱ ራሳቸው ሲናገሩ እንደሚውጧት ነገረችኝ። አዛውንቱ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ የጮህኩት ትክክለኛውን ስላሉ ነበር።

ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ማንም በሌለበት፣ ጉልበቴን በጣቴ እየመታሁ ደብዳቤውን እላለሁ። ያንን የልጆቹን ቤት በር አስበዋለሁ። ዘበኛው ወረቀት ይጠይቃል፤ አዛውንቱ ወረቀት የላቸውም። እጃቸውን ዘርግተው በዚያ ዜማ ይጀምራሉ። ዘበኛው ሊገፋቸው ይችላል። ከውስጥ ግን አንዲት ሰው ትሰማና ወደ በሩ ትመጣለች እላለሁ። ደርሰው እንደሆነ አላውቅም፤ ይህን ማወቅ ዛሬም እንደጎደለኝ ነው። ከደረሱ ግን አንዲት ቃል አልተሳሳቱም። እሱን አውቃለሁ።